ዝናቤን ወደ ታች ቤት ላክሁት

ግቢዬን ሊሾ ያስደረግሁት ግንቦት 2013 ላይ ነው። ጭቃ አንገፍግፎኝ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ የኖረ ሰው የምለው ይገባዋል። ቀይ አፈራችን ሐምሌ ላይ እግር ከያዘ አይለቅም። ሚስቴ ደጅ ላይ ጫማ ስትጠርግ፣ ልጄ ጭቃ ይዛ ሶፋ ላይ ስትወጣ፣ እኔ መኪና ለማውጣት ጎማ ስር ድንጋይ ስወትፍ ስንት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን በቃኝ አልኩና ግንበኛ ጠራሁ።

140 ካሬ ሜትር ነው ያስለበስኩት። ግንበኛው ጎበዝ ነው። "ውሃው በየት ይውጣልህ?" ሲለኝ ሳላስብ "በበሩ፣ ከዚያ ወደ መንገድ" አልኩት። ሊሾውን ወደ በሩ አጋድሎ ሠራው። የጣሪያውንም አሸንዳ በቱቦ አምጥቶ እዚያው ላይ ለቀቀው። ሲጨርስ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቶ አሳየኝ። ውሃው የትም ሳያቁር ሹልክ ብሎ በበሩ ስር ወጣ። ደስ አለኝ። ከሂሳቡ ላይ የሻይ ብዬ ጨመርኩለት።

ያቺ አንድ ባልዲ ውሃ እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

## ሮዟ ነጠላ ጫማ

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ግቢዬን አያለሁ። ሊሾው ታጥቦ ያበራል። ጭቃ የሚባል ነገር የለም።

ሲያባራ የልጄ አንድ እግር ነጠላ ጫማ የለም። ሮዝ ፕላስቲክ፣ ላዩ ላይ ቢራቢሮ ያለበት። ውሃው በበሩ ስር ይዞት እንደሄደ ገመትኩና ጃንጥላ ይዤ ፍለጋ ወረድኩ።

ከእኛ በታች፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ፣ አንዲት እማማ አሉ። ቤታቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ስላለ የእሳቸው ደጅ በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ስደርስ በሩ ወለል ብሏል። እማማ ጎንበስ ብለው ከወለሉ ላይ ውሃ በጣሳ እየቀዱ ባልዲ ውስጥ ይጨምራሉ። ባልዲው ሲሞላ የልጅ ልጃቸው ይዞ ወጥቶ ይደፋል። ፍራሹ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ቆሟል። የጤፉ ማዳበሪያ ወንበር ላይ ወጥቷል፤ ታችኛው ጠርዙ ግን ርሷል። ግድግዳው እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ጠቁሯል።

"እማማ፣ ምን ሆነው ነው?" አልኩ። የሞኝ ጥያቄ።

"ምን እሆናለሁ ልጄ፣ የእግዜር ዝናብ ነው። ዘንድሮ በረታ" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ቆይተው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሮዟ ጫማ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። አጥበዋታል። "ይቺ የናንተዋ ልጅ ናት መሰለኝ። ውሃው አመጣት።"

ተቀበልኳቸው። አመሰግናለሁ ማለቴንም እንጃ። ዘንድሮ ዝናቡ አልበረታም። የበረታው የእኔ ሊሾ ነው። እማማ ይህን አላወቁም ይሆናል፤ ወይም አውቀው ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም። የትኛው እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ወደ ቤት ስመለስ እጄ ውስጥ ያለችው ጫማ ከድንጋይ ትከብዳለች። ያን ቀን ባልዲ ተቀብዬ አብሬያቸው ውሃ አለመድፋቴ ደግሞ እስካሁን ይቆጨኛል። ጃንጥላዬን ይዤ ነው የተመለስኩት።

"ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ" ይባላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጎርፍ ባየሁ ቁጥር ስረግም የኖርኩት ውሃውን ነበር።

## 375 ጀሪካን

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ማባዛት ጀመርኩ። ሂሳቡ የልጅ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። ሊሾው 140፣ ጣሪያው 110፣ ጠቅላላ 250 ካሬ። 30 ሚሊሜትር የሚጥል አንድ ጠንካራ ዝናብ ማለት 7,500 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 375። 375 ጀሪካን ውሃ በአንድ ከሰዓት ከግቢዬ በር ስር አወጣሁና ወደ እማማ ቤት ሰደድኩ ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት። ያንን ስታባዙት 300,000 ሊትር ይመጣል። በዚያው ሰሞን ውሃ በፈረቃ ሆኖብን በጀሪካን እየገዛን ነበር! እሱን እንኳ ተውት።

ሊሾው ከመሠራቱ በፊትም ይዘንብ ነበር። ጣሪያውም ነበር። ግን ከአሸንዳው የወረደው ውሃ ጭቃው ላይ ይፈስ፣ ጎመኑ ስር ይገባ፣ አዝግሞ አዝግሞ ነበር የሚወጣው። ያ ስጠላው የኖርኩት ጭቃ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ውሃውን ያዘገየው ነበር። እኔ አዘግዪውን በሲሚንቶ ከደንኩና ፈጣን መንገድ ሠራሁለት።

አሁን ይህን በሰፈር አባዙት። ከእንጦጦ ስር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ እያንዳንዱ ሰው በራሱ በር በኩል "ወደ መንገድ" ይላል። መንገዱ ወደ ዲች፣ ዲቹ ወደ ቀበና፣ ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ቀበና ይዞ የሚዞረው ሃይላንድና ፌስታል ነው። አባ ሳሙኤልን ያየ ሰው ደለሉና እምቦጩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የለበትም። ከኛው ነው።

ዲቹ ጠበበ፣ ተደፈነ፣ አልተጠረገም እያልን እንጮኻለን። እውነት ነው፣ ጠቧል፣ ተደፍኗል። ግን ዲቹ ሰፍቶ ቢሠራስ? ሰፊ ዲች ውሃውን ይበልጥ ቶሎ ለታች ሰው ያደርሰዋል። እኔ ጋ ችግሩ የሚያልቀው እማማ ጋ ሲጀምር ነው። የድሬዳዋን ሰው ጠይቁ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሲሄድ፣ ያ ሁሉ ውሃ ከከተማው በላይ ካለው ተራራ የወረደ ነበር።

## የእነዋሪው ልጅ

መስከረም ላይ እማማ ደጅ ላይ ከፍ ያለ ደፍ በብሎኬት ላሠራላቸው አስቤ አንድ የቀን ሠራተኛ አመጣሁ። ከሰሜን ሸዋ፣ ከእነዋሪ በኩል የመጣ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ደፉን ከመጀመሩ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ሽቅብ ወጣ፣ የኔን በር አየ፣ ሊሾውን አየ፣ አሸንዳውን አየ። ከዚያ ዶማውን ተደግፎ ዝም አለ።

"ጋሼ፣ ደፉን ብንሠራ ውሃው ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ቤት ነው የሚገባው" አለኝ።

እንደማስበው ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት የገለበጠችኝ። ሥራውን ትተን በሩ ላይ ተቀመጥን። የእነዋሪ መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁርና ስንዴውን ያበሰብሳል። ስለዚህ አገሬው መሬቱን በመደብ በመደብ ከፍ አድርጎ፣ በመካከሉ ቦይ እያወጣ ነው የሚዘራው። እናቱ፣ እህቶቹ፣ እሱም ልጅ ሆኖ፣ አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ መደብ ሲሠሩ ነው ያደጉት። ውሃ ማስወጣት ከእናቱ የተማረው ሙያ ነው። "ግን" አለኝ፣ "ቦይህን የሰው ማሳ ላይ አትለቅም። ከለቀቅህ ሽማግሌ ፊት ትቀርባለህ። ትካሳለህ።"

ቦይህን የሰው ማሳ ላይ ከለቀቅህ ሽማግሌ ፊት ትቀርባለህ! ከተማ ውስጥ ይህ ሕግ የት ጠፋ? እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ ነኝ። ቤት ስሠራ ስለ አጥር ወሰን ከጎረቤት ጋር በሴንቲሜትር ተከራክሬአለሁ። ስለ ውሃዬ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ገጠሩ በየጥር ወሩ ዶማና አካፋ ይዞ ተራራ ላይ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ያስራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ውሃ ሲሮጥ አፈር ይዞ እንደሚሄድ ያውቃላ። የዚያ ገበሬ ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ የምናሠራው ሊሾ ነው።

"አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" አልኩት። ሊሾው መሀል ላይ በዶማው ጫፍ ክብ ሠራልኝ። "እዚህ ጋ አንድ ጎድጓዳ ነገር። ውሃው መጀመሪያ እዚያ ይረፍ።"

ያሠራሁት ገና አራት ወሩ ነው። የከፈልኩበት ሊሾ። ሚስቴ ስትሰማ "አብደሃል?" አለችኝ። በዚህስ አልፈርድባትም።

## እህቴና የዝናብ ግብር

ነገሩን ስልክ ላይ ለእህቴ ነገርኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ሜሪላንድ። ሳቀች። "እኛ እኮ ለዝናብ እንከፍላለን" አለችኝ። የቤት ግብሯ ላይ ለዝናብ ውሃ የሚከፈል መስመር አለ፤ ሂሳቡ የሚሠራው ውሃ የማያሳልፈው ወለል ስንት እንደሆነ ታይቶ ነው። ጣሪያ፣ አስፋልት፣ ሊሾ። ግዛቲቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን አይነት ክፍያ በሕግ ስታስፋፋ ተቃዋሚዎች "የዝናብ ግብር" ብለው ቀልደውበታል። እህቴም መጀመሪያ ተናድዳ ነበር። በኋላ ግን ከቤቷ አጠገብ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ፎቶ ላከችልኝ። የአበባ መደቡ ከአስፋልቱ ዝቅ ያለ ነው። የጠርዙ ድንጋይ በየቦታው ክፍተት ተትቶለታል፤ ውሃው በዚያ ገብቶ አበባው ስር ይተኛል።

እሷ እያለፈች የምታየው ነገር የተወለደው እዚያው ሰፈሯ አጠገብ ነው። ጎረቤቷ የሆነው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ ሶመርሴት የሚባል የመኖሪያ መንደር ሲሠራ ትልቅ የውሃ ማቆሪያ ከመቆፈር ይልቅ በየቤቱ ግቢ ትንሽ ጎድጓዳ አትክልት ቦታ አደረጉ። እንግሊዝኛው ስም ሲተረጎም የዝናብ አትክልት ነው። ሃሳቡ ከኔ ቀን ሠራተኛ ክብ ምንም አይለይም።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሲጀምረኝ አያቆመኝም። ቻይናዊው የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ዩ ኮንግጂያን ላይ ስደርስ ቆምኩ። የገበሬ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ የሞላ ወንዝ ወስዶት ዳር ያሉ የአኻያ ዛፎችና ሸንበቆዎች ናቸው ያተረፉት። እነሱ ውሃውን አዝግመውት፣ እሱም እነሱን ይዞ ወጣ። በኋላ ሃርቫርድ ድረስ ተምሮ ሲመለስ ለከንቲባዎች የነገራቸው ይህንኑ ነው። ከተማውን ስፖንጅ አድርጉት፣ ውሃ ጠላት አይደለም። ለዓመታት የሰማው አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ በጎርፍ 79 ሰው ከሞተባት በኋላ መንግሥት ሰማ፤ በ2015 ደግሞ 16 ከተሞች ለሙከራ ተመረጡ። ሰውዬው በ2025 ብራዚል ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የሃርቫርዱ ምሁርና የእነዋሪው ልጅ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ። ልዩነቱ አንዱን በቀን ሂሳብ ነው ያሠራሁት።

## የሚሆነውና የማይሆነው

ጉድጓዱን ኅዳር ላይ ጀመርን። በዲጂኖ 18 ካሬ ሜትር ሊሾ ፈነቀልን፤ ስድስት በሦስት። ከቤቱ መሠረት ሦስት ሜትር አርቀን። መጀመሪያ ግን አፈሩን ፈተንን። ግማሽ ክንድ ያህል ቆፍረን፣ ማታ ውሃ ሞልተን ተኛን። ጠዋት ባዶ ነበር። ይህ ወሳኝ ነው። ቀይ አፈር ላይ ስለሆንኩ ዕድለኛ ነኝ። ቦሌ ወይም አቃቂ በኩል ዋልካ ላይ ያለ ሰው እኔን አይቶ ቤቱ ጥግ ጉድጓድ ቢቆፍር ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እዚያ አፈሩን አውጥቶ አሸዋና ብስባሽ መሙላት፣ ከስሩም ቀዳዳ ያለው ቱቦ መቅበር ያስፈልጋል።

ጉድጓድ ስል ጥልቅ እንዳይመስላችሁ። 20 ሴንቲሜትር ነው። ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ወለሉ ግን ሜዳ መሆን አለበት፣ አለዚያ ውሃው አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ልጁ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ልኩን ከጥግ ጥግ ወሰደ። ግንበኞች እንደሚያደርጉት። አሸንዳውን ወደዚያ አዞርን፤ ውሃው የሚገባበት ጋ አፈሩ እንዳይቦረቦር ድንጋይ ደረደርን። ሲሞላ የሚወጣበትም በር ተውን።

"ትንኝ ይፈላብሃል" ያላለኝ ጎረቤት የለም። ትንኝ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ውሃ ይፈልጋል። የኔ ጉድጓድ በማግሥቱ ደረቅ ነው። "ለምን ሮቶ አትሰቅልም?" ያሉኝም አሉ። ሰቅያለሁ። ግን 2,000 ሊትር ሮቶ ጣሪያዬ ላይ 18 ሚሊሜትር ሲጥል ይሞላል፤ የተረፈው ወዴት ይሂድ? በክረምት ዝናብ በየቀኑ ነው፤ ትናንት የሞላ ሮቶ ዛሬ ምንም አይረዳም።

አልዋሻችሁም፣ የተሳሳትኩትም አለ። መሀሉ ላይ ቄጠማ ተከልኩ። ለበዓል ከደጅ የሚታጨድ ቄጠማ፣ እንዴት ያምራል! ጥር ላይ ደርቆ ገለባ ሆነ። የዝናብ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ተክል ሦስት ወር ውሃ፣ ስድስት ወር ድርቅ መቻል አለበት። ቄጠማ የሚወደው ረግረግ ነው። አብሮ የተተከለው ቬቲቨር ሣር ግን ሁለቱንም ቻለ። ዳር ዳሩን ሰርዶው ራሱ መጥቶ ያዘው፤ ማንም አልጋበዘውም። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ መግቢያው በደለል ተደፈነ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በአካፋ መጥረግ አለ። አንዴ ሠርተህ የምትተወው ነገር አይደለም።

ሁሉንም ዝናብም አይችልም። ጉድጓዱ በአንዴ የሚይዘው 3,600 ሊትር ነው፤ የዚያን ቀኑን ውሃ ግማሽ አይሞላም። ሌላው ይወጣል፣ ግን ዘግይቶና ቀስ ብሎ። ስፖንጅ ከተማ እሆናለሁ ብላ ስትሠራ የነበረችው የቻይናዋ ከተማ ጀንግጆ እንኳ በ2021 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊሜትር ሲወርድባት ምድር ባቡሯ ውስጥ ሰው ሞቷል። ያንን የሚችል ሣር የለም። ክረምትን ጠብቆ ሽንት ቤቱን ወደ ዲች ለሚለቅ ሰውም ሣር መፍትሔ አይሆንም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቀን ሳልናደድ እጽፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ያበግነኛል። በየጎዳናው አዲስ ሣርና አበባ ተተክሏል፣ ያምራል። ግን አብዛኛው መደብ ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ሣሩን ሳይነካው በጠርዙ ስር ይሮጣል። ጥር ላይ ያንኑ ሣር ቦቴ መጥቶ ያጠጣዋል። መደቡን በአንድ ስንዝር ዝቅ ማድረግ፣ ጠርዙን በየአምስት ሜትሩ መክፈት፤ ጥያቄዬ ይኸው ነው። አዲስ ሲሠራ ደግሞ ዝቅ ያለው መደብ ከፍ ካለው ያን ያህል የበለጠ የሚያስወጣ አይመስለኝም።

## ከላይ ያለው ቤት

እማማ ደጅ ደፉም ቆይቶ ተሠርቷል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ብቻ ውሃ ገባባቸው፤ ሁለቱንም ቀን ወርጄ ባልዲ ይዣለሁ። ለዕንቁጣጣሽ የልጅ ልጃቸው "እማማ ቄጠማ ስጡኝ ብለዋል" ብሎ መጣ። በልብስ እጣቢ እያጠጣሁ ከድርቁ ያተረፍኩት ጥግ ላይ ያለው ትንሽ ነበር፤ አጨድኩለት።

ጉድጓዱን ያሠራሁት ልጅ አሁን እዚህ የለም። የመጨረሻ ቀን ሂሳቡን ሲቀበል ሽቅብ እያየ "ከላይ ያለውስ?" ብሎኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም። ከኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ ግቢው ሰፊ ነው፤ ሁለት የሾላ ዛፍና ሙሉ ሣር። ከእሱ ግቢ ጠብታ ወደኔ መጥቶ አያውቅም።

ትናንት ማታ በሩ ላይ ሲኖትራክ አሸዋ ደፋ። ዛሬ ጠዋት ሲሚንቶ ወረደ። ሾላዎቹ ስር ሁለት ሰዎች መጋዝ ይዘው ቆመዋል። ጎረቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ በሰርግም በለቅሶም አብረን ነን። ጭቃ እንዳንገፈገፈውም አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሚስቴ ቡና እያፈላች ነው። ከሁለተኛው በኋላ ጠርቼው ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነው። ምናልባት ያ ግንበኛ እኔን የጠየቀኝን እጠይቀዋለሁ፤ ውሃው በየት ይውጣልህ?